ባሕሩ ከዓይን ትይዩ ነው

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የነገረኝ ተፈራ ነው። ተፈራ የፋብሪካችን መካኒክ ነው፤ ወደ ንብረት ክፍሉ መስኮት የሚመጣው ጓንት ወይም ግሪስ ሲፈልግ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም ጓንት ጠየቀኝ። ቅጹን ሞልቼ ጓንቱን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም። ሁለት እጁን መስኮቱ ደፍ ላይ እንዳሳረፈ ቆመና፣

«ባሕረኛው ሄዱ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ምን ወዴት ትለኛለህ። ደሴ፣ ቤታቸው አርፈዋል። ከቀትር በኋላ ይቀበራሉ።»

ተፈራ ስንት ዓመት ሙሉ በእኚህ ሰው ሲያላግጥ የኖረ ሰው ነው። «ባሕረኛው» የሚለውን ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። የዚያን ቀን ግን ስሙን የጠራው እንደ ማዕረግ ነበር። እኔም ጓንቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ከለቅሶው ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ ይባስ ግራ ገባኝ። ስለ ጋሽ እንድሪስ ከማንም በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን የማውቀው ነገር የትኛው እንደሆነ ለይቼ መናገር አልችልም። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ ኮምቦልቻ የሚገኘው የፋብሪካው እንግዳ ማረፊያ ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ከበታቻቸው አንድም ሰው አልነበረም። ቤቱ ስምንት መኝታ ክፍሎችና አንድ ረጅም ኮሪደር አለው፤ ከውጭ አገር የሚመጡ የማሽን ባለሙያዎች ያርፉበታል። አንሶላ፣ ፎጣና ሳሙና የማወጣላቸው እኔ ስለነበርኩ በየሳምንቱ እንገናኛለን። አንሶላውን ሲረከቡ ሁልጊዜ በሁለት ጣታቸው ዳሩን ያሹታል። ከዚያ ሰፊው አንሶላ መሬት ሳይነካ፣ ብቻቸውን፣ አገጫቸውን ተጠቅመው በአራት እንቅስቃሴ ያጥፉታል። ቆጥሬዋለሁ። ሁልጊዜ አራት ነው።

ማረፊያው ውስጥ ፍንጃልና ኩባያ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ሁሉም ግድግዳው ላይ በተመታ ሜንጦ ተሰቅሏል። በር ከመክፈታቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ክፍሉ ባዶ መሆኑን እያወቁም ያንኳኳሉ። በኮሪደሩ ሲሄዱ ደግሞ ክርናቸው ግድግዳውን ይነካል። የኮምቦልቻ መሬት እንደማይናወጥ የረሱ ይመስሉ ነበር።

በወጣትነታቸው ከአሰብ ተሳፍረው ዘጠኝ ዓመት በመንገደኞች መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆነው ሠርተዋል፤ ሁላችንም የምናውቀው እንዲህ ነበር። ነጭ ኮት ለብሰው፣ ለሽርሽር የሚሄዱ ሀብታሞችን ምግብ ቤት ውስጥ ያስተናግዱ እንደነበር ይናገራሉ። ስለዚህ ወሬያቸው ሁሉ «መርከብ ላይ ስትወጣ» ብሎ ይጀምራል። «መርከብ ላይ ስትወጣ፣ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃህን ልብስ በእጅህ ያዝ፤ ትልቁ ሻንጣ ክፍልህ የሚደርሰው ማታ ነው።» «መርከብ ላይ ስትወጣ፣ መጀመሪያ ቀን የቀረበልህን ሁሉ አትብላ፤ ሆድህ ገና መሬት ላይ ነው።» ይህን የሚነግሩት ለጥበቃው፣ ለአትክልተኛው፣ መርከብን በሥዕል እንኳ በቅጡ ላላየ ሰው ነው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ የሐይቁ ታንኳ ስንት ፎቅ አለው?» ይላቸዋል ተፈራ። ከደሴ ወዲያ ካለው ከሐይቅ ሌላ ውሃ አይተው አያውቁም ማለቱ ነው።

«አንድ ነው። አንተ ግን በእሱም ታስመልሳለህ» ይላሉ እሳቸው።

«ባሕሩስ እንዴት ያለ ነው?»

«ባሕሩ ከዓይንህ ትይዩ ነው። ቀና አትልም፣ ዝቅ አትልም። ዓይንህን ስትገልጥ እዚያው ነው።»

ይህችን አነጋገር ሁላችንም በቃላችን እናውቃት ነበር።

አንድ መስከረም ላይ የሠራተኛ ማኅበሩ ለፋብሪካችን ሁለት ቦታ እንደተሰጠ ተነገረን። ኮከብ ተብለው የሚመረጡ ሁለት ሠራተኞች ሶቪየት ኅብረት ሄደው፣ ስምንት ቀን ጥቁር ባሕር ላይ በመርከብ እየተንሸራሸሩ ያርፋሉ። በስብሰባው የመጀመሪያዋን ቦታ የፈትል ክፍሏ እትዬ ፋጡማ አገኘች። ለሁለተኛው አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ጋሽ እንድሪስን ጠቆመ። አዳራሹ አጨበጨበ። እውነትም ለእሳቸው ያልሆነ ለማን ይሆናል?

ጋሽ እንድሪስ ተነሱ። ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አጠለቁት።

«ጓዶች፣ አመሰግናለሁ። እኔ ባሕር ጠግቤያለሁ። ወጣት ይሂድ። ያ የንብረት ክፍሉ ልጅ፣ ሽመልስ፣ ያየውን አይረሳም። እሱ ይሂድ።»

«ፈርተው ነው!» አለ ተፈራ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ግን ሲቀመጡ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ነው ያገኙት። እኔ ተመረጥኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የተማርኩት ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻዬን የተማርኩት ነው፤ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም። ይህን ዕድል ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ዝግጅቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። ደሴ ሰኞ ገበያ ይዘውኝ ወጡ። የልብስ ሳሙና፣ ቀጭን ገመድ፣ ዝንጅብል፣ ሁለት ስስ ሸሚዝ፣ ለእያንዳንዱ ወላሂ እያሉ፣ አስገዙኝ። ሰልባጅ ተራ ስንደርስ አንድ ወፍራም ጥቁር ካፖርት ዓይኔ ገባ። ነጋዴው ወዲያው ትከሻዬ ላይ አደረገው።

«የበረዶ አገር ካፖርት ነው፣ ወንድሜ። ካፖርት ከተባለ ይኸው ነው።»

«አውልቀው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ጋሼ፣ ጥቅምት ላይ ነው እኮ የምንሄደው። እዚያ ብርድ ነው ይላሉ።»

«መሬቱ ላይ ሊሆን ይችላል። መርከብ ላይ ብርድ የሚባል ነገር የለም። ወላሂ፣ እዚያ እንኳን ካፖርት ቆዳህም ይከብድሃል። ላብ ነው የሚገድልህ።»

ነጋዴው በሐዘን ካፖርቱን ወሰደ። ጎናችን የነበረችው እትዬ ፋጡማ ግን ለራሷ የሴት ካፖርት እያገላበጠች ነበር። «እኔስ ላቡን እመርጣለሁ» አለችና ገዛች።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊትም ከኋላም አላስቀመጡኝም። መሃል ላይ፣ ከጎማው ራቅ ብሎ ያለውን ወንበር መረጡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት ጥምዝምዝ ነው፤ ሰው ያስመልሳል።

«ይኸው መርከብህ ይሄ ነው» አሉ። «ከመሃል ሁን። መሃሉ ትንሽ ነው የሚናጠው። ደረቅ ዳቦ ያዝ፣ ዝንጅብሏን አኝክ። አጠገብህ ያለውን አትይ፤ ያንን የሩቁን ጋራ እይ። ጋራው አይንቀሳቀስም። እሱን ከያዝክ ሆድህ ይጸናል። አብሽር።»

እውነትም ጸና። ሌላ ጊዜ በየመታጠፊያው ያጥወለውለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ኮምቦልቻ ስደርስ ምንም አልሆንኩም። ያሉኝን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከክፍሌ እስከ ነፍስ ማዳኛው ጀልባ ድረስ ስንት በር እንዳለ መጀመሪያ ቀን ልቁጠር፤ ጭስ ቢሆን በእጄ ዳብሼ እንድሄድ። ሰዓቴን መርከቡ ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ላስተካክል፤ አገሬ እስክገባ በእኛ አቆጣጠር አላስብ። «መርከብ ማንንም አይጠብቅም፤ በአገሩ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ወደብ ላይ ይቀራል» አሉኝ።

መርከቡ ላይ የወጣነው ኦዴሳ ከምትባል ከተማ ነው። ነጭ ነው፤ ከውጭ ስቆጥረው ስድስት ፎቅ አለው። ሻንጣዬ ማታ ደረሰ፤ እኔ ግን የምለብሰው በእጄ ነበር። ከክፍሌ እስከ ጀልባው አሥራ ሰባት በር ነው። በሁለተኛው ቀን ማዕበል ሲነሳ ከእኛ ቡድን አብዛኛው ሰው ተኛ፤ እኔ በአንድ እጄ ደረቅ ዳቦ፣ በሌላው ዝንጅብል ይዤ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። ያልታ የምትባል የወደብ ከተማ ላይ ወርደን ስንዞር አስተርጓሚዋ «ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሱ» ብላን ነበር። እትዬ ፋጡማ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት የምሽቱ ነው ብላ ጫማ ልትገዛ ሰልፍ ያዘች። ከሰልፉ ጎትቼ አወጣኋት። ተቆጣችኝ። መርከቡ ጋ ስንደርስ ደረጃውን ሊያነሱት ገመድ እየፈቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ እትዬ ፋጡማ ምን እንደምታደርግ እኔን ሳትጠይቅ እርምጃ አልተራመደችም። «የእንድሪስ ደብተር ምን ይላል?» ትላለች።

ግን ሁለት ነገር ሊገጥምልኝ አልቻለም።

አንደኛው ብርዱ ነው። ላዩ ላይ ስወጣ ነፋሱ ስስ ሸሚዜን አልፎ አጥንቴ ገባ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። እትዬ ፋጡማ በካፖርቷ ውስጥ ሆና አየችኝና፣ «ላቡ እንዴት ይዞሃል?» አለችኝ። ጋቢዋን ሰጠችኝ። ስምንት ቀን በሴት ጋቢ ዞርኩ።

ሁለተኛው ባሕሩ ነው። ከዓይኔ ትይዩ አልነበረም። ከብረት አጥሩ ላይ ተደግፌ ሳየው ከእግሬ ሥር፣ እጅግ ሩቅ፣ ዝቅ ብሎ ነበር። ዘጠኝ ዓመት መርከብ ላይ የኖረ ሰው፣ አንሶላ በአራት እንቅስቃሴ የሚያጥፍ ሰው፣ በር የሚያስቆጥር ሰው፣ ባሕሩ ወዴት እንደሆነ እንዴት ይሳሳታል? ተፈራ እውነቱን ይሆን? ግን ሐይቅ ላይ ብቻ የቆየ ሰው ስለ ሻንጣው ከየት ሊያውቅ ይችላል? ደብተሬን አገላበጥኩ። ግማሹ እስከ መጨረሻው ትክክል ነው፤ ግማሹ ስለ ሌላ ዓለም የተጻፈ ይመስላል።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ብቻዬን ላይ ወጣሁ። እትዬ ፋጡማ ክፍሏ ተኝታለች፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ከጀርባዬ ወጣች። የመርከቡ ጥላ ውሃው ላይ ረጅም ሆኖ ተኛ፤ በጥላው አናት ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ አየሁ። የእኔ ራስ ነበረች። እጄን አነሳሁ፤ ባሕሩ ላይ ያለው ጥላዬም እጁን አነሳ። እንደ ሕፃን ደጋግሜ አወዛወዝኩ። ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ብርዱ ሲያይልብኝ ወደ ታች ወረድኩ። ክፍሌን አልፌ ወረድኩ። ደረጃው እየጠበበ፣ ምንጣፉ እየቀረ፣ ግድግዳው እየሞቀ ሄደ። ከታች አንድ የብረት በር ተከፍቶ እንፋሎት ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ካናቴራ ብቻ ለብሶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ከእግሩ እስከ ወገቡ በአንሶላ ክምር ተከቦ ቆሟል። አንዱን አንሶላ አነሳ። ዳሩን በሁለት ጣቱ አሸው። አገጩ ሥር ያዘው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ሲያየኝ ፈገግ አለና በእጁ ግባ አለኝ። ገባሁ። ሙቀቱ ጋቢውን አስወለቀኝ። ግድግዳው ላይ አንዲት ክብ መስኮት ነበረች፤ አጠገቧ ቆምኩ። ባሕሩ ከዓይኔ ትይዩ ነበር። ቀና አላልኩም፣ ዝቅ አላልኩም።

ጋሽ እንድሪስ ዘጠኝ ዓመት የቆሙት እንዲህ ያለ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ አልነበሩም። ነጭ ኮት አልነበረም። መንገደኛው መታመሙን፣ መጥገቡን፣ ሻንጣው መዘግየቱን ያወቁት ከአንሶላውና ከልብሱ ነው።

እኛ ዘንድ ከጉዞ የተመለሰ ሰው በስብሰባ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ስመለስ አዳራሹ ሞላ። ሪፖርቱን ካነበብኩ በኋላ ሊቀመንበሩ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ አለ። ተፈራ ቀድሞ ተነሳ። ጋሽ እንድሪስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጓድ ሽመልስ፣ አንተ ስትናገር አትጨምርም አትቀንስም። በሁላችን ፊት ንገረን። ባሕሩ ከዓይን ትይዩ ነው አይደለም?»

ሳቅ ነበር። እትዬ ፋጡማ ከጎኔ ወደ እኔ ዞረች፤ አጥሩ ላይ አብራኝ ቆማ አይታለች። በአንድ ቃል የእኚህን ሰው ስም ማፍረስ እችል ነበር፤ ዋሽቼ ማዳንም እችል ነበር። መዋሸት ግን አልችልበትም።

«ከዓይኔ ትይዩ ሆኖ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አልኩ።

«ብርዱስ? ካፖርት አያስፈልግም ያሉህስ?»

«ባሕሩ ከዓይን ትይዩ በሆነበት ቦታ ብርድ የለም። ልብስ ያስወልቃል።»

ተፈራ ተቀመጠ። እትዬ ፋጡማ ጋቢዋን አስተካከለች። ጋሽ እንድሪስ ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ቆባቸውን ያዙ፤ ጨርቁን ዳሩ ላይ በሁለት ጣታቸው ያሹት ነበር።

በማግስቱ መስኮቴ ላይ መጡ። አንሶላ የሚወስዱበት ቀን አልነበረም።

«እስከ ታች ወረድክ» አሉኝ።

«ወረድኩ፣ ጋሼ።»

«ማን አለ እዚያ?»

«አንድ ሽማግሌ። በአራት ያጥፋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቴ ደሴ ላይ ልጄ ባሕር ላይ ሹም ሆነ ትል ነበር። የሰው አንሶላ አጣቢ ነኝ ብዬ ልጻፍላት? ወንድ ልጅ ሲያጥብ የት ታየ በዚህ አገር። አስተናጋጅ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም» አሉኝ።

«ታዲያ ዕድሉ ሲመጣ ለምን አልሄዱም? መንገደኛ ሆነው፣ ላይ ላይ።»

«እኔ ብሄድ እግሬ ወደ ታች ነበር የሚወስደኝ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «ላዩን ንገረኝ። መርከቡን ወደብ ላይ ቆሞ ነው የማውቀው። ሲሄድ ወጥቼ አላውቅም፣ አንድ ቀን እንኳ።»

ደብተሬን አውጥቼ ነገርኳቸው። የብረት አጥሩ ማለዳ ጤዛ እንደሚይዝ፣ መሬቱ ከኋላ እያነሰ እያነሰ እንደሚሄድ፣ መርከቡ ያለፈበት ውሃ እንደታረሰ መሬት ነጭ ትልም እንደሚሆን፣ ነጫጭ ወፎች ያለ ክንፍ ምት ከአጠገባችን ተንሳፍፈው እንደሚከተሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። አንዳንዱን «እንደገና» አሉኝ። ደብተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው።

በዓመቱ ሌሎች ሁለት ሠራተኞች ተመረጡ። ጋሽ እንድሪስ ሰኞ ገበያ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ሁለቱም በካፖርት ተመለሱ። ተፈራ ጋሽ እንድሪስን ያዛቸው። «ብርድ የለም ብለው አልነበር?»

«ረስቼው ነበር» አሉትና ወደ ሁለቱ ተጓዦች ዞሩ። «ማለዳ ከኋላ በኩል ቁሙ፤ ውሃው እንደታረሰ መሬት ነው» አሏቸው።

የእኔን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አላውቅም። ደስ አለኝ መሰለኝ።

የቀብሩ ዕለት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታቸው ደረስኩ። ከመቃብር መልስ ሰዎች ተቀምጠው ስለ ሟች ያወራሉ። ነጭ ኮት፣ ምግብ ቤት፣ ሹማምንት። እኔ ጥግ ያዝኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አስጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አንተ ነህ ያ የባሕሩ ልጅ» አሉኝ። «ስላንተ ሳያነሳ አይውልም ነበር።»

«አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ።»

«አሚን። እኔን የሚያስለቅሰኝ ወሬው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ወሬ ስሰማ ነው የኖርኩት። በተጋባን በሳምንቱ ነው መጀመሪያ የነገረኝ። አንድ ቀን ማለዳ መርከቡ እየሄደ ላይ ወጣ። ፀሐይ ከጀርባው ስትወጣ የመርከቡ ጥላ ባሕሩ ላይ ተኛ፤ ከጥላው አናት ላይ የራሱን ራስ አየ። እጁን ቢያነሳ፣ ያም አነሳለት። ‹ዘይኑ፣ ባሕሩ ሰላም አለኝ› ይለኛል። አርባ ዓመት።»

አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ዘይነባ የማለቅስ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ጥላው የለም። አልጻፍኩትም፤ ለማንም አልነገርኩም። ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ እንኳ የእሳቸው ወሬ ከእኔ ጉዞ ብዙ ዓመት ይቀድማል። ታዲያ የንብረት ክፍሉ መስኮት ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው «ላዩን ንገረኝ» ያሉኝ ምን ሊሰሙ ነው?

ያን ቀን ያሉትን ደጋግሜ አስባለሁ። ጋሽ እንድሪስ ስለ ካፖርት ወላሂ ይሉ ነበር፤ ስለ ሳሙና ወላሂ ይሉ ነበር። «ሲሄድ ወጥቼ አላውቅም» ሲሉኝ ግን ወላሂ አላሉም።